የልጄ ሽጉጥ መጫወቻ ነው፤ ፖሊስ ግን ይህን በምን ያውቃል?

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለ መካከለኛው፣ ስለ 13 ዓመቱ ልጄ ነው። ለልደቱ አጎቱ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ የኤርሶፍት ሽጉጥ ገዛለት። ሲገዛ አፈሙዙ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ነበረው፤ ልጄ ግን ከጓደኞቹ ጋር ለሚቀርጹት ቪዲዮ እውነተኛ እንዲመስልለት ብሎ በጥቁር ቀለም ሸፈነው። ወደ ሠፈራችን መናፈሻ ይዞት ሲወጣ ያየችው ጎረቤቴ ቤቴ ድረስ መጥታ ‹ይህን ልጅ ፖሊስ እንዳይገድልብሽ› አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ባለቤቴ ደግሞ ‹አታጋንኚ፤ በሕግ የተፈቀደ፣ በየሱቁ የሚሸጥ መጫወቻ ነው፤ እኛስ በእንጨት ጠመንጃ ተጫውተን አይደል ያደግነው? ልጃችን እንደሆነ ጨዋ ነው፤ ከማንም ጋር ጠብ የለውም› ይለኛል። ልቀማው? ብቀማውስ ምን ብዬ ላስረዳው? ፖሊስን እንደ ጠላት እያየ እንዲያድግ አልፈልግም፤ ሳላስጠነቅቀው ቀርቼ አንድ ነገር ቢደርስበት ግን ራሴን ይቅር አልልም። ክፉ ነገር ቢገጥመንስ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው?» (አንዲት እናት፣ ከኮሎምበስ)

ውድ እህቴ፣

የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ሳላቆይ ልመልስ፦ አዎ፣ ሽጉጡን ዛሬውኑ ከልጁ እጅ ያውጡት። ባለቤትዎ ሐሳባቸውን እስኪቀይሩ ወይም ልጁ በራሱ ጊዜ እስኪሰለቸው ድረስ አይጠብቁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክንያቱን ለማስረዳት፣ ለልጁ እንዴት ሊነገረው እንደሚገባ ለማመልከትና ስለ ሕጉ ለጠየቁኝም የማውቀውን ሳልሸፋፍን ለመናገር ነው። ጎረቤትዎ የተናገሩት ቃል አስደንጋጭ ቢሆንም እንዲሁ የተወረወረ አይደለም፤ እርስዎ በሚኖሩበት ግዛት፣ በእርስዎም ከተማ የደረሰ ነገር ነው።

ባለቤትዎ ያነሷቸው ሐሳቦች በብዙ ቤት የሚነሱ ስለሆኑ አልፌያቸው መሄድ አልፈልግም። በእንጨት ጠመንጃ ተጫውተን አድገናል ማለታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ያ እንጨት ከሩቅም ቢታይ እንጨትነቱ የሚታወቅ ነበር፤ የሚያየውም ሰው የልጁን አባትና እናት በስም የሚጠራ ጎረቤት እንጂ በራዲዮ ጥሪ ደርሶት በመኪና እየበረረ የሚመጣ የታጠቀ እንግዳ አልነበረም። ዛሬ የሚሸጡት የኤርሶፍትና የቢቢ ሽጉጦች ብዙዎቹ የእውነተኛ መሣሪያ አምራቾች ስምና ምልክት ሳይቀር በፈቃድ ተቀርጾባቸው፣ ክብደታቸውና የመያዣቸው ቅርጽ ከዋናው ጋር እንዲመሳሰል ሆኖ የሚሠሩ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ እንኳ ለመለየት የሚያስቸግረውን ዕቃ፣ ሲመሽ ከመኪና መስኮት በኩል የሚያይ ሰው እንዲለየው መጠበቅ አይቻልም።

በሕግ የተፈቀደ ነው የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1988 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ባወጣው ሕግ መጫወቻና አስመሳይ ሽጉጦች አፈሙዛቸው ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖራቸው ወይም ደማቅ ቀለም እንዲቀቡ አስገድዷል። ሕጉ ግን በዋናነት የሚመለከተው የሚያመርተውን፣ የሚያጓጉዘውንና የሚሸጠውን ነው፤ በአየር ግፊት የብረት ወይም የእርሳስ ጥይት የሚተኩሱትን የተለመዱ ቢቢና ፔሌት ጠመንጃዎች ደግሞ ከዚህ ግዴታ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ምንም ብርቱካናማ ምልክት ሳይኖረው፣ ፍጹም እውነተኛ መስሎ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ዕቃ አለ ማለት ነው። ምልክቱ ያለበትም ቢሆን ልጆች ይነቅሉታል፣ ይቀቡታል፤ ወንጀለኞች የእውነተኛ ሽጉጣቸውን አፈሙዝ ብርቱካናማ ቀብተው የተገኙበት ጊዜ ስላለም ብዙ ፖሊሶች ቀለሙን አትመኑ ተብለው ይሠለጥናሉ። ልጅዎ የቀባውን ጥቁር ቀለም ፍቆ ማንሳት ችግሩን አይፈታም የምለው ለዚህ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2016 ጀምሮ የሚሸጡ የኤርሶፍት መሣሪያዎች ውጫዊ አካላቸው በሙሉ ደማቅ ቀለም እንዲሆን ወይም ቢያንስ ቃታው ዙሪያና መያዣቸው ላይ ደማቅ ምልክት እንዲኖራቸው አዟል፤ በእኔ አስተያየት ይህ በየግዛቱ ሊስፋፋ የሚገባው ሕግ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን «ልጃችን ጨዋ ነው» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም እውነት ስለሆነ ያዘናጋል። መናፈሻው ዘንድ የሚደርሰው ፖሊስ ልጅዎን አያውቀውም። ከልጁ በፊት ያገኘው በራዲዮ የተነገረውን ጥሪ ነው። «ሽጉጥ የያዘ ወንድ አለ» ተብሎ ከተነገረው፣ ከመኪናው ሲወርድ የሚፈልገው ሽጉጥ የያዘውን ወንድ ነው። የልጁ ጨዋነት፣ የትምህርት ቤት ውጤቱና የወላጆቹ ድካም በዚያ ጥሪ ውስጥ የሉም።

ይህ በዚያው በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ እንዴት እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ፤ ለባለቤትዎም ያንብቡላቸው። ኅዳር ወር፣ 2014፣ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ኩዴል በሚባል የመዝናኛ ማዕከል ግቢ ውስጥ ከጓደኛው ያገኘውን የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ይጫወት ነበር፤ ብርቱካናማው ምልክት አልነበረበትም። እዚያ የተቀመጠ አንድ ሰው የአደጋ ጊዜ ጥሪ መቀበያ ወደሆነው ወደ 911 ደወለ። ደዋዩ ሽጉጡ «የውሸት ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ከአንድ ጊዜ በላይ ተናግሯል፤ የያዘውም ሰው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሳይሆን እንደማይቀር ጨምሮ ተናግሯል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ግን ወደ ቦታው ለተላኩት ፖሊሶች አልደረሱም። የፖሊስ መኪናው ሣሩን አቋርጦ ልጁ አጠገብ ሄዶ ቆመ፤ በሩ ተከፍቶ ፖሊሱ ከወረደ በኋላ 2 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ተኮሰ። ከዚያም በራዲዮ የተመታው ሰው ዕድሜው «ምናልባት 20» እንደሚሆን ተናገረ። ልጁ 12 ዓመቱ ነበር። እየሮጠች የመጣችውን የ14 ዓመት እህቱን መሬት ላይ ጥለው በካቴና አሠሯት፤ ለልጁም ለ4 ደቂቃ ያህል፣ በአጋጣሚ በአካባቢው የነበረ የኤፍቢአይ (የፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ባልደረባ እስኪደርስ ድረስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ የሰጠው አልነበረም። በማግሥቱ አረፈ።

«ምናልባት 20» በሚለው ቃል ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፍቀዱልኝ። በዚያው ዓመት የታተመ የሥነ ልቦና ጥናት ፖሊሶችንም ጨምሮ ብዙ ሰዎች የጥቁር ወንድ ልጆችን ዕድሜ ከእውነተኛው በላይ አድርገው እንደሚገምቱ አሳይቷል፤ ልጁ በከባድ ወንጀል የተጠረጠረ ነው ሲባል ደግሞ የተጨመረበት ዕድሜ በአማካይ ከ4 ዓመት በላይ ነበር። የእርስዎ ልጅ በቤቱ ሐበሻ ነው፤ ቋንቋው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ የአያቶቹ አገር ሁሉ የራሱ ነው። መናፈሻ ውስጥ ግን የሚታየው አንድ ጥቁር ልጅ ነው፤ ምናልባትም ከዕድሜው በላይ የሆነ ጥቁር ልጅ። ይህን ለልጆቻችን ለመናገር የምናፍረው ወይም «ያ የእነሱ ችግር ነው» ብለን የምንተወው ብዙዎች ነን፤ መተዋችን ግን ልጆቹን አይጠብቃቸውም። በ2024 በኒው ዮርክ ግዛት በዩቲካ ከተማ የሞተው የ13 ዓመት ልጅ ከምያንማር በስደት ከመጣ ቤተሰብ ነበር። ፖሊሶች በእግር ሲሄድ አስቁመውት ሮጠ፤ ሲሮጥም እውነተኛ የሚመስል የፔሌት ሽጉጥ አዞረባቸው፤ መሬት ላይ ከጣሉት በኋላ አንደኛው ፖሊስ ተኮሰበት።

በእርስዎ ከተማ ደግሞ መስከረም ወር፣ 2016፣ ታይሪ ኪንግ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ሞቷል። ፖሊሶች የመጡት ለዘረፋ ጥሪ ነበር፤ ልጁ ሮጠ፤ እንደ ፖሊስ መግለጫ ከወገቡ ያወጣው ሽጉጥ ቢቢ ሆኖ ተገኘ። የታይሪና የታሚር ታሪክ አንድ አይደለም፤ አንዱ በዘረፋ የተጠረጠረ ነው፣ ሌላው ብቻውን የሚጫወት ልጅ ነበር። ለወላጅ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ያሳያሉ፤ በልጁ እጅ ያለው ዕቃ ሰው ሊገድል የማይችል መሆኑ የታወቀው ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ ነው።

አሁን ልጁን እንዴት እንደሚያነጋግሩት ወደሚለው ልምጣ። ሽጉጡን ሲወስዱበት ቅጣት አያስመስሉት። ልጁ ያደረገው የዕድሜ እኩዮቹ ሁሉ የሚያደርጉትን ነው፤ በቪዲዮ ውስጥ እውነተኛ መምሰል የልጅ ጨዋታ ነው። ተቆጥተው ቢነጥቁት የሚማረው መደበቅን ነው፤ የተደበቀ ሽጉጥ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት ይደርሳል። በኦሃዮ ሕግ ከእውነተኛ የማይለይ ዕቃ ይዞ ትምህርት ቤት ገብቶ እውነተኛ መሣሪያ እንደሆነ አድርጎ ማሳየት በራሱ ወንጀል ነው፤ ከትምህርት ቤት መባረርንም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አንድ ምሽት ታናሹ ከተኛ በኋላ እርስዎና ባለቤትዎ አብራችሁ አስቀምጡት። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኑሩት፤ በስልካችሁም ከእርሱ ጋር የሚመሳሰል እውነተኛ ሽጉጥ ፎቶ አውጥታችሁ ከጎኑ አድርጉና የትኛው እውነተኛ እንደሆነ፣ ለዚህ ለመወሰንም አንድ ሰከንድ ብቻ ቢሰጠው ምን እንደሚል ጠይቁት። ይህን ካየ በኋላ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። የታሚርንም ታሪክ ንገሩት። 13 ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ለመስማት አያንስም፤ ከእናንተ ባይሰማው ከስልኩ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የሚያጽናናው ሰው አጠገቡ ላይኖር ይችላል።

ቀጥሎ መነገር ያለበት፣ በጓደኛ እጅም ቢሆን እንዲህ ያለ ዕቃ ባለበት ቦታ ፖሊስ ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ ነው። ልጅ ሲደነግጥ በደመ ነፍስ የሚያደርጋቸው ነገሮች እያንዳንዳቸው አደገኛ ናቸው። ዕቃውን ለመደበቅ እጁን ወደ ወገቡ ይሰዳል። «መጫወቻ ነው» ለማለት ብድግ አድርጎ ያሳያል። ይሮጣል። ከኋላው ሲጠሩት ዕቃውን እንደያዘ ዘወር ይላል። ጥቅምት ወር፣ 2013፣ በካሊፎርኒያ በሳንታ ሮዛ የ13 ዓመቱ አንዲ ሎፔዝ ኤኬ 47 የሚመስል የኤርሶፍት ጠመንጃ አንጠልጥሎ በመንገድ ይሄድ ነበር፤ የካውንቲው ፖሊሶች ከኋላው ቆመው «ጣለው» ብለው ጮኹ፤ ልጁ ማን እንደጠራው ለማየት ሲዞር አንደኛው ፖሊስ 8 ጊዜ ተኮሰ፣ 7ቱ ልጁን መቱት። ከኋላው የተጠራ ልጅ መዞሩ ተፈጥሮ ነው፤ ስለዚህ ተፈጥሮውን የሚተካ ልምድ አስቀድሞ ካላገኘ በቀር በዚያች ቅጽበት ሌላ ነገር ሊያደርግ አይችልም።

የሚማረው ይህ ነው። ባለበት ይቁም። ዕቃው በእጁ ካለ አፈሙዙን ወደ ማንም ሳያዞር ጣቶቹን ከፍቶ ይልቀቀው፤ አያስቀምጠው፣ አይወርውረው፣ ከወደቀም በኋላ አጎንብሶ አያንሳው። በወገቡ ወይም በኪሱ ካለ ፈጽሞ አይንካው። ባዶ እጆቹን ጣቶቹ ተዘርግተው እንዲታዩ ያድርግ፤ መጫወቻ መሆኑን በእጁ ሳይሆን በአፉ፣ ጮክ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ ይናገር። ከዚያ በኋላ የሚታዘዘውን ቀስ ብሎ ይፈጽም፤ ሁለት ፖሊሶች የተለያየ ነገር ቢያዝዙትና ግራ ቢገባው እጆቹን ሳያወርድ እንደቆመ ይቆይ። ይህን በኮሪደራችሁ ውስጥ ባዶ እጁን ሆኖ አንድ ሁለት ጊዜ በአካሉ ያድርገው፤ ምክንያቱም የፈራ ልጅ የሚያስታውሰው የተነገረውን ሳይሆን ሰውነቱ የለመደውን ነው። ልምምዱን ግን አጭር ያድርጉት፤ በየሳምንቱ እየደጋገሙ ልጁን ከቤት መውጣት የሚፈራ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ፖሊስን እንዲጠላ አልፈልግም ብለዋል። እውነቱን በመናገር ጥላቻ አይፈጠርም፤ ለልጅዎ የሚከተለውን በዚሁ ቃል ሊነግሩት ይችላሉ፦ «ወደ አንተ የሚመጣው ፖሊስ ሰው ነው፤ ሊፈራ ይችላል፤ መሣሪያ አለው፤ አንተን ደግሞ አያውቅህም። እውነተኛ ሽጉጥ የያዘ ሰው የገደላቸው ባልደረቦች አሉት። የምናስተምርህ እርሱ ሳያውቅህ በፊት እንዳይሳሳት ነው። ቢሳሳት ግን ስህተቱ የአንተ አይደለም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አደራ አይዝለሉት። ልጆቻችንን እንዴት መቆም እንዳለባቸው ስናስተምር፣ ሳናስበው ከሞቱት ልጆች ላይ ጥፋቱን ልንጭን እንችላለን፤ «ባይዞር ኖሮ፣ ባይሮጥ ኖሮ» ማለት ቀላል ነው። የ12 ዓመት ልጅ በ2 ሰከንድ ውስጥ ከሠለጠነ ጎልማሳ የተሻለ ውሳኔ እንዲወስን የሚጠበቅበት ምንም ምክንያት የለም።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው ወይ ላሉኝ፣ ልብ የሚያሳርፍ መልስ የለኝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ግራሃም እና ኮነር በተባለው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት የፖሊስ ኃይል አጠቃቀም የሚመዘነው በቦታው በነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ዓይን እንጂ ነገሩ ካለፈ በኋላ በታወቀው እውነት አይደለም። ሽጉጡ መጫወቻ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ፖሊሱን ጥፋተኛ አያደርገውም፤ በወቅቱ እውነተኛ ነው ብሎ ማመኑ ምክንያታዊ ከሆነ ሕጉ ከለላ ይሰጠዋል። በታሚር ጉዳይ ግራንድ ጁሪው (ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ የሚወስነው የዜጎች ሸንጎ) በ2015 መጨረሻ ክስ እንዳይመሠረት ወሰነ፤ ከተማው በ2016 ጥፋቱን ሳያምን ለቤተሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ የተኮሰው ፖሊስ በ2017 ከሥራ የተሰናበተው በሥራ ማመልከቻው ላይ ሐሰት በመጻፉ ነበር እንጂ በመተኮሱ አልነበረም። በታይሪ ጉዳይም ግራንድ ጁሪው ክስ አልፈቀደም። የአንዲ ሎፔዝ ቤተሰብ በፍትሐ ብሔር በኩል የተሻለ ርቀት ሄዷል፤ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 ተኳሹ ከሲቪል ተጠያቂነት እንዲያመልጥ አልፈቀደም፤ ካውንቲውም በ2018 3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እነዚህ ገንዘቦች ለእናቶቹ ምን እንደመለሱላቸው እርስዎ ያውቁታል።

በእርስዎ ግዛት ደግሞ የባሰ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ኦሃዮ ውስጥ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው እውነተኛ መሣሪያ በግልጽ ይዞ መሄድ ተፈቅዶለታል። ሆኖም ነሐሴ ወር፣ 2014፣ ቢቨርክሪክ በሚገኝ የዎልማርት መደብር ውስጥ ጆን ክሮፎርድ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ከመደብሩ መደርደሪያ ላይ ያነሳውን የአየር ጠመንጃ ይዞ በስልክ እያወራ ሳለ፣ አንድ ደዋይ በሰዎች ላይ እያነጣጠረ ነው ብሎ ለ911 በመናገሩ፣ ፖሊሶች ባዩት በሰከንዶች ውስጥ ተኩሰው ገደሉት። የሚሸጥ ዕቃ፣ በሚሸጥበት ቦታ፣ በገዢ እጅ ነበር። ባለቤትዎ «በሱቅ የሚሸጥ ነው» ሲሉ ይህን ያስታውሱላቸው።

ልጁን ማስተማር የእናንተ ድርሻ ነው፤ የሚበዛው ድርሻ ግን የእናንተ አይደለም፤ እኔም ይህን ሳልናገር ደብዳቤዬን ብዘጋ እውነትን አጎድላለሁ። በክሊቭላንድ ልጁን የገደለው የመጨረሻው 2 ሰከንድ ብቻ አልነበረም። ጥሪውን የተቀበለው ሰው ሳያስተላልፍ የቀረው መረጃና መኪናውን ልጁ አጠገብ ወስዶ ማቆሙም ነው። ራቅ ብለው፣ ከመኪናው በስተኋላ ተከልለው በድምፅ ማጉያ ቢያነጋግሩት ኖሮ ልጁ ማን እንደሆነ ለማየት ጊዜ ይኖራቸው ነበር። ርቀት፣ መከለያና ጊዜ ማግኘትን የሚያስተምር ሥልጠና አለ፤ አይካት ይባላል፤ በኬንታኪ በሉዊቪል ከተማ ፖሊስ ዘንድ በተደረገ ጥናት ከሥልጠናው በኋላ የኃይል አጠቃቀም 28 በመቶ ቀንሶ፣ የፖሊሶቹም ጉዳት አብሮ ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ፖሊስ ጊዜ ከወሰደ ራሱ ይሞታል የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ ወደዚህ ጥቂት እየቀረቡ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት ወር፣ 2025፣ ባርንስ እና ፌሊክስ በተባለ የቴክሳስ ጉዳይ፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ከተኩሱ በፊት ያሉትን 2 ሰከንዶች ብቻ ለይተው ማየታቸው ስህተት መሆኑን፣ ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ አብሮ መታየት እንዳለበት በአንድ ድምፅ ወስኗል። ፖሊሱ ራሱ የፈጠረው አደጋ እንዴት እንደሚመዘን ግን ገና አልወሰነም።

ኮሎምበስ ውስጥ የእርስዎ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ አለ። የከተማው ነዋሪዎች በ2020 በሰጡት ድምፅ የሲቪል ፖሊስ ግምገማ ቦርድ ተቋቁሟል፤ በ2021ም የከተማው ምክር ቤት ፖሊሶች የሰውነት ካሜራቸውን እንዲያበሩና ኃይል ሲጠቀሙ ለተጎዳው ሰው እርዳታ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቷል፤ ይህ ሕግ ስሙን ያገኘው ስልክ በእጁ እንደያዘ ከተገደለ ሰው ነው። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው በቦርዱ ስብሰባ ላይ ይገኙና የ911 ጥሪ ተቀባዮች «ልጅ ይመስላል»፣ «የውሸት ይመስላል» የሚሉትን ቃላት ለፖሊሶቹ እንዲያስተላልፉ የሚያዝ መመሪያ እንዳለ ይጠይቁ፤ እንግሊዝኛዎ የሚያሳስብዎ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ። እርስዎም ራስዎ አንድ ቀን ሽጉጥ መሰል ነገር የያዙ ልጆች አይተው ለመደወል ቢገደዱ ልጆች መሆናቸውንና የሚጠራጠሩትን ሁሉ አስቀድመው ይናገሩ፤ የተቀበለዎትም ሰው እንደመዘገበው መልሶ እንዲያነብልዎ ያድርጉ።

ልጁ በዚህ ጨዋታ ልቡ ከተያዘ ፈጽሞ መከልከል አያስፈልግም። ለኤርሶፍት የተከለሉ፣ ተቆጣጣሪ ያለባቸው ሜዳዎች አሉ፤ አባቱ ይውሰደው፤ መሣሪያውም እዚያው በኪራይ ይሁን። አጎቱንም ሳይቀየሙ ያነጋግሯቸው፤ በፍቅር የገዙት ነው፤ የሚቀጥለው ስጦታ ግን ሌላ ይሁን። ሽጉጡን ለሌላ ልጅ አይስጡት፣ ቆሻሻ መጣያ ላይም እንዳለ አይጣሉት፤ ሰባብረው ያስወግዱት።

አንድ ነገር ይቀራል። ታሚር የያዘው ሽጉጥ የጓደኛው ነበር፤ እናቱ አልገዛችለትም። ከእርስዎ ቤት የወጣው ሽጉጥ በቪዲዮው ውስጥ ያለው ብቸኛው ሽጉጥ ላይሆን ይችላል። ልጅዎ ከማን ከማን ጋር እንደሚቀርጽ ስለሚያውቅ ስማቸውን ይጠይቁትና ለእነዚያ ልጆች ወላጆች በዚሁ ሳምንት ይደውሉላቸው፤ ሐበሻ ይሁኑ አይሁኑ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፉልኝን ያህል ግልጽ ሆነው ያነጋግሯቸው፤ በልጆቻቸው እጅ ያለውንም ይጠይቋቸው።